«ራስ» ማን ነው? የኢግቦ ጥያቄ፣ የቢያፍራ መስመርና ያልተዘጋው ክርክር



 የዛሬው ንግግሬ ስለ ኢግቦ ሕዝብና የራስን ዕድል በራስ ስለ መወሰን የተደረገውን፣ አሁንም የሚደረገውን ክርክር ይመለከታል። ዘመናቱን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ ላስታውስ። «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» የሚል ተረት አለን። የምናገረው ስለ ሌላ ሕዝብ ቁስል ነውና ይህን ተረት እያሰብሁ ለመናገር እሞክራለሁ።

ወደ ጉዳዩ የምገባው በአዲስ አበባ በኩል ነው። ኦገስት 5 ቀን 1968 በዚህች ከተማ አንድ የሰላም ድርድር ተከፈተ። ሰብሳቢው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ፤ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በናይጄሪያ ጉዳይ ያቋቋመውን የስድስት መንግሥታት አማካሪ ኮሚቴ የሚመሩት እርሳቸው ነበሩና። በአንድ ወገን የቢያፍራ መሪ ኮሎኔል ኦዱሜጉ ኦጁኩ ራሳቸው መጥተው ረጅም ንግግር አደረጉ። በሌላው ወገን የናይጄሪያው መሪ ጄኔራል ያኩቡ ጎዎን አልመጡም፤ የፌዴራሉን መንግሥት ልዑካን የመሩት አንቶኒ ኤናሆሮ ነበሩ። ኦጁኩ ከተመለሱ በኋላ የቢያፍራን ወገን ፕሮፌሰር ኤኒ ንጆኩ መሩ።

እነዚህን ሁለት ሰዎች ልብ በሉልኝ። ኤናሆሮ በ1953 ናይጄሪያ በ1956 ራሷን እንድታስተዳድር የሚጠይቀውን ሐሳብ በላጎስ ምክር ቤት ያቀረቡ ሰው ናቸው። ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ አዲስ አበባ የመጡት ተመሳሳይ ጥያቄ ያነሣ ሌላ ወገንን ለመሞገት ነው። ንጆኩ ደግሞ የዕፅዋት ሳይንስ ሊቅና የላጎስ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው መሪ ነበሩ። በ1965 የሥራ ዘመናቸው ሳይታደስ ቀርቶ በምትካቸው ዮሩባ የሆኑ ምሁር ሲሾሙ፣ ዩኒቨርሲቲው በዘር መስመር ተከፋፍሎ ታውኳል። የብሔር ፖለቲካ ከጦር ሜዳው በፊት የኛን ዓይነት ግቢ አንኳኩቶ እንደነበር ለማስታወስ ነው ይህን ያነሣሁት።

ድርድሩ አልተሳካም። ሕፃናት በረኀብ እያለቁ ሳለ፣ እርዳታው በየብስ ይግባ ወይስ በአየር በሚለው እንኳ ስምምነት አልተገኘም። በላይ በላዩ ሲታይ ክርክሩ «አንድነት ወይስ መገንጠል» የሚል ነበር። እኔ ግን ከሥሩ ያልተመለሰ ሌላ ጥያቄ አለ እላለሁ። ሕግ «የራስን ዕድል በራስ መወሰን» ይላል፤ «ራስ» ማን እንደሆነ ግን አይነግረንም። ዕድሉን የሚወስነው ማን ነው? የሚወሰንበትስ?

ከ«ራስ» አፈጣጠር እንጀምር። ከቅኝ አገዛዝ በፊት አብዛኛው የኢግቦ ምድር በአንድ ንጉሥ ሥር የተሰበሰበ አልነበረም። እንደ ንሪና ኦኒቻ ያሉ ሥርወ መንግሥት የነበራቸው ሥፍራዎች ቢኖሩም፣ ሕዝቡ በብዛት የሚተዳደረው በመንደር ሸንጎ፣ በሽማግሌዎችና በዕድሜ አቻ ማኅበራት ነበር። የአንዱ አካባቢ ንግግር ከሌላው ይለይ ነበር። በ1913 የታተመው መጽሐፍ ቅዱስ «የኅብረት ኢግቦ» በተባለ፣ ከልዩ ልዩ ዘዬዎች ተውጣጥቶ በተዘጋጀ ቋንቋ መጻፉ ራሱ ምስክር ነው። በ1914 እንግሊዞች ሰሜኑንና ደቡቡን አዋሕደው ናይጄሪያን ፈጠሩ። የባቡር ሐዲዱ፣ ትምህርት ቤቱና የመንግሥት ቢሮው የኢግቦን ወጣት ከጠባቧ መሬቱ አውጥተው ወደ ሰሜን ከተሞች ወሰዱት። በካኖ የመጤዎች ሠፈር በሆነው በሳቦን ጋሪ ሲሰፍር፣ በአገሩ የኦዌሪ ወይም የንሱካ ሰው የነበረው በጎረቤቶቹ ዓይን «ኢግቦ» ሆነ። በየከተማው ያቋቋማቸው የመረዳጃ ማኅበራትም ቀስ በቀስ በአንድ የኢግቦ ኅብረት ጥላ ሥር ተሰባሰቡ።

ይህን የምለው ማንነቱ ሐሰት ነው ለማለት አይደለም። በታሪክ የተሠራ ማንነት ሁሉ ሐሰት ከሆነ እውነተኛ የሚባል አይኖርም። ለማለት የፈለግሁት፣ «ራስ» ከጥንት ተቆርጦ የተቀመጠ ድንጋይ ሳይሆን ሰዎች በሚኖሩበት፣ በሚሰደዱበትና በሚገፉበት መጠን የሚጠነክርና የሚላላ ነገር መሆኑን ነው።

የገፋቸውም 1966 ነው። በጃንዋሪ 15 ወጣት መኮንኖች መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። ከመሪዎቹ ብዙዎቹ ኢግቦ ነበሩ፤ ከተገደሉት መካከል የፌዴራሉ ጠቅላይ ሚኒስትር አቡበከር ታፋዋ ባሌዋና የሰሜኑ መሪ አህመዱ ቤሎ ይገኙባቸዋል። ሥልጣኑን የያዙት ጄኔራል አጉዪ አይሮንሲም ኢግቦ ነበሩ፤ በሜይ 24 ባወጡት አዋጅ ፌዴሬሽኑን አፍርሰው አሐዳዊ መንግሥት ሲያውጁ፣ ሰሜኑ ድርጊቱን የአንድ ሕዝብ ሴራ አድርጎ አነበበው። ከሜይ ጀምሮ በሰሜን ከተሞች በምሥራቅ ሰዎች ላይ ግድያ ተፈጸመ። በጁላይ 29 በተካሄደው ሁለተኛ መፈንቅለ መንግሥት አይሮንሲ ተገደሉ፤ በሴፕቴምበርና በኦክቶበር ጭፍጨፋው በከፋ መልኩ ተመለሰ። የሟቾቹን ቁጥር ግምቶች ከብዙ ሺህ እስከ 30,000 ያደርሱታል። ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎችም ወደ ምሥራቅ ሸሹ።

በጃንዋሪ 1967 በጋና አቡሪ የተደረሰው ስምምነት ለክልሎች ሰፊ ሥልጣን የሚሰጥ ይመስል ነበር፤ ሁለቱ ወገኖች ግን እያንዳንዱ በራሱ መንገድ ተረጎመው። ሜይ 27 ቀን ጎዎን አገሪቱን በ12 ክፍላተ ሀገር ከፈሉ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሜይ 30 ቀን 1967፣ ኦጁኩ የቢያፍራ ሪፐብሊክን አወጁ። ጁላይ 6 ጦርነቱ ተጀመረ።

አሁን ወደ መስመሩ ልምጣ። ቢያፍራ የታወጀችው በኢግቦ ሕዝብ ወሰን ላይ ሳይሆን ቅኝ ገዢዎች ባሰመሩት የምሥራቅ ክልል ወሰን ላይ ነው። ከክልሉ ነዋሪ ሲሶ ያህሉ ኢግቦ አልነበረም፤ ኢቢቢዮ፣ ኤፊክ፣ ኢጆ፣ ኦጎኒና ሌሎችም ነበሩበት። ከነዳጁም ብዙው የሚገኘው በእነዚሁ ሕዝቦች ምድር ነበር። እነርሱም ፍርሃታቸውን ቀድመው ተናግረዋል። በ1957 የተሰየመው የዊሊንክ ኮሚሽን የአናሳዎችን ስጋት አድምጦ ስጋቱ መኖሩን ቢቀበልም፣ አዲስ ክልል እንዲፈጠር ግን አልመከረም። በፌብሩዋሪ 1966 አይዛክ አዳካ ቦሮ የተባለ የኢጆ ወጣት የኒጀር ዴልታ ሪፐብሊክን አወጀ፤ ሙከራው በ12 ቀናት ተደመሰሰ። ቦሮ የሞት ፍርድ ተፈርዶበት በጎዎን ዘመን ተፈታ፤ ኋላም ለፌዴራሉ ጦር ሲዋጋ በ1968 ሞተ። ከቢያፍራ በፊት ለመገንጠል የተነሣው ይህ ሰው ቢያፍራን በመውጋት ሕይወቱን አሳለፈ።

ይሁን እንጂ አናሳዎቹ ሁሉ በአንድ ወገን አልተሰለፉም። የኦጁኩ ምክትልና በመጨረሻ የመማረኪያውን ቃል ያነበቡት ፊሊፕ ኤፊዮንግ ኢቢቢዮ ነበሩ። ኦጎኒው ደራሲ ኬን ሳሮ ዊዋ በተቃራኒው ከፌዴራሉ ጎን ቆሙ። እርሳቸውንም ያው የፌዴራል መንግሥት፣ በወታደራዊ አገዛዝ ዘመን፣ ለኦጎኒ ሕዝብ መብት በመታገላቸው ኖቬምበር 10 ቀን 1995 በስቅላት ቀጣቸው።

መስመሩ በሌላም በኩል አይገጥምም። ከኒጀር ወንዝ በስተምዕራብ የምትገኘው አሳባ የኢግቦ ከተማ ናት፤ ነገር ግን በመካከለኛው ምዕራብ ክልል ውስጥ ስለነበረች ከቢያፍራ ውጭ ቀረች። በኦክቶበር 1967 የፌዴራሉ ጦር ከተማዋን በያዘ ጊዜ፣ ነዋሪዎቹ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው «አንዲት ናይጄሪያ» እያሉ በጭፈራ ሊቀበሉት ወጡ። ወንዶቹ ተለይተው በመቶዎች ተረሸኑ። እነዚህ ሰዎች መገንጠልን አልመረጡም፤ አንድነትን በአደባባይ መሰከሩ። ገዳዮቻቸው ግን የጠየቋቸው ምን እንደመረጡ ሳይሆን ከማን እንደተወለዱ ነው። ስለ ብሔር ፖለቲካ ሳስተምር ከሁሉ አብልጬ የምመለስበት ታሪክ ይህ ነው፤ ክርክሩን ሁሉ ወደ አንድ ሰው አንገት ያወርደዋልና።

አፍሪካስ ምን አለች? የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1964 በካይሮ፣ በነጻነት ጊዜ የነበሩት ድንበሮች እንዲከበሩ ወስኖ ነበር። በሴፕቴምበር 1967 በኪንሻሳ መገንጠልን አውግዞ የናይጄሪያን የግዛት አንድነት ደገፈ። አማካሪ ኮሚቴው የተቋቋመውም በዚህ መሠረት ላይ ነው። ሰብሳቢው ንጉሠ ነገሥት ከስድስት ዓመት በፊት የኤርትራን ፌዴሬሽን አፍርሰው የትጥቅ ትግል ይገጥማቸው ስለነበር፣ የመገንጠል ጥያቄ ለእርሳቸው የሩቅ አገር ወሬ አልነበረም። በአንጻሩ ታንዛኒያ በኤፕሪል 1968 ለቢያፍራ ዕውቅና ሰጠች፤ ጋቦን፣ ኮትዲቯርና ዛምቢያ ተከተሏት። የኔሬሬ መከራከሪያ መንግሥት ከዜጋው ታማኝነትን የሚጠይቀው ሕይወቱን እስከጠበቀለት ድረስ ነው የሚል ነበር።

በእኔ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች ግማሽ እውነት ይዘው ነበር። ኔሬሬ ስለ 1966 ተፈናቃይ እውነቱን ተናገሩ፤ ሰሜን ያልጠበቀችውን፣ ላጎስም ያላዳነችውን ሰው «አንድነትህን አክብር» ማለት ባዶ ቃል ነው። ነገር ግን ያ ሙግት ለኢቢቢዮውና ለኦጎኒው መልስ አልነበረውም። የድርጅቱ ወገን ደግሞ ድንበር ከተነካ ማቆሚያ እንደሌለው በትክክል ፈራ፤ በድንበሩ ውስጥ ለሚታረደው ግን የሚለው አልነበረውም። ሁለቱም በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፦ የተመኩበት መስመር ቅኝ ገዢ ያሰመረው ነው።

ጦርነቱ ጃንዋሪ 15 ቀን 1970 አበቃ። የሞቱትን ግምቶች ከ500,000 እስከ 3 ሚሊዮን ያደርሷቸዋል፤ አብዛኞቹ በረኀብ ያለቁ ናቸው። ጎዎን «አሸናፊም ተሸናፊም የለም» አሉ፤ በእርግጥም ብዙዎች የፈሩት የጅምላ በቀል አልተፈጸመም። ይህ ሊመሰገን ይገባዋል። ሆኖም በጦርነቱ ጊዜ ገንዘቡን በባንክ ያንቀሳቀሰ የምሥራቅ ሰው፣ የነበረው ምንም ያህል ቢሆን፣ የተመለሰለት 20 ፓውንድ ብቻ ነበር። በ1972 የውጭ ድርጅቶችን ድርሻ ለዜጎች የሚያዛውር አዋጅ ሲወጣ የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረውም። በፖርት ሃርኮርት ኢግቦዎች ጥለውት የሸሹት ቤት «የተተወ ንብረት» ተብሎ ብዙው ለሌላ ተላለፈ። በዚያችው ከተማ ዙሪያ የሚኖሩት፣ ንግግራቸው ከኢግቦ ጋር የሚዛመደው ኢክዌሬዎች፣ ከጦርነቱ በኋላ ብዙዎቹ «እኛ ኢግቦ አይደለንም» አሉ፤ የመንደሮቻቸው ስም በ«ኡሙ» ፈንታ በ«ሩሙ» ተጻፈ። «ራስ» እንደገና ተሠራ፤ በዚህ ጊዜ በመጥበብ።

ቅሬታው ትውልድ ተሻገረ። ዛሬ ከስድስቱ የናይጄሪያ ዞኖች አምስት ክፍላተ ሀገር ብቻ ያለው ደቡብ ምሥራቅ ነው፤ የሌሎቹ ስድስት ወይም ሰባት ነው። በ1999 ሲቪል አገዛዝ ሲመለስ ቢያፍራን በሰላም እንመልስ የሚል ንቅናቄ ተነሣ፤ በኋላም በንናምዲ ካኑ የሚመራው የቢያፍራ ተወላጆች ንቅናቄ በረታ። መንግሥት በ2017 ንቅናቄውን በአሸባሪነት ፈርጆ አገደ፤ በ2021 ካኑን ከኬንያ ወስዶ አሰረ። ከተከታዮቹ ብዙዎቹ ጦርነቱን ያላዩ ወጣቶች ናቸው። ያላዩትን አገር የሚናፍቁት ያዩት አገር ድርሻቸውን ስለነፈጋቸው ነው ብዬ አምናለሁ። በአንጻሩ በንቅናቄው ስም «ከቤት አትውጡ» ሲባል ገበያው የሚዘጋበት፣ ትምህርቱ የሚስተጓጎልበት የዚያው የኢግቦ ሰው ነው። በስሙ የሚነገርለት ሰው ራሱ አለመጠየቁ የጥያቄው አካል መሆን አለበት።

ከዚህ ምን እንወስዳለን? ከዓመታት በፊት አንዲት ተማሪዬ «ታዲያ ቢያፍራ ትክክል ነበረች ወይስ ስሕተት?» ብላ ጠይቃኝ፣ በክፍል ውስጥ አጥጋቢ መልስ አልሰጠኋትም። ዛሬ ብትጠይቀኝ የምላት ይህን ነው። «ይህ ሕዝብ ራሱን የመወሰን መብት አለውን?» የሚለውን ጥያቄ አልጥልም፤ አስቀድሞ ግን አንድነትን የሚጠይቀውንም መገንጠልን የሚጠይቀውንም በአንድ ሚዛን እመዝናለሁ። በእጅህ የሚወድቀውን አናሳ ምን ልታደርገው ነው? ናይጄሪያ በ1966 ይህን ጥያቄ ወድቃለች፤ ቢያፍራም በአናሳዎቿ ፊት አጥጋቢ መልስ አልነበራትም። ጎዎን የምሥራቁን አናሳዎች የማረኩት በከፊል ይህን ጥያቄ በ12ቱ ክፍላተ ሀገር አማካይነት ቀድመው ስለመለሱ ነው፤ ኢግቦን ያላሳመኑት ደግሞ ለእርሱ ተመሳሳይ መልስ ስላልነበራቸው ነው።

በነሐስ የተጻፈ ሕገ መንግሥት ቢኖር እንኳ ለዚህ ጥያቄ በየዕለቱ ሥራ ካልተመለሰ በቀር መስመር ማስመር ብቻውን አይመልሰውም። የአሳባ ሰዎች ነጭ ለብሰው ሲወጡ መስመሩ ከእነርሱ ጋር ነበር፤ አላዳናቸውም። እኛ የታሪክ ሰዎች መስመር የማስመር ሥልጣን የለንም። ያለን አደራ በመስመሩ በሁለቱም ወገን የወደቀውን ሰው በአንድ ዓይን ቆጥሮ መመዝገብ ነው።