ደህና ሆስፒስ በምን ይታወቃል?



ከመካከላችን ለጽዳትና ለምግብ ሥራ ተብላ መጥታ አስታማሚ ሆና የቀረች ስንት ናት? ኮንትራቱ ላይ «የቤት ሠራተኛ» ይላል። ቤቱ ውስጥ ግን አልጋ ላይ የዋሉ እናት ወይም አባት አሉ። ማገላበጡ፣ ገላ ማጠቡ፣ ዳይፐር መቀየሩ፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ መስጠቱ የእኛ ሥራ ነው። ሐኪሙ «ከእንግዲህ ሆስፒታል አያድናቸውም፣ ቤታቸው ይሁኑ» ሲል ደግሞ አንዳንድ ቤተሰብ ሆስፒስ የሚባል አገልግሎት ይጠራል። ነርሷ መጥታ ትሄዳለች። ሌሊቱ ግን የእኛ ነው።

እኔ የተማርኩት እስከ አሥረኛ ክፍል ነው። ግን ቤይሩት ውስጥ ሦስት ዓመት የማዳሜን እናት ሳስታምም ሌሊቱ ረጅም ስለነበር በስልኬ ብዙ አነበብኩ። ይህ ሆስፒስ የሚሉት ነገር ከየት መጣ? ጥሩው ከመጥፎው በምን ይለያል? መልሱን ያገኘሁት ታሪኩ ውስጥ ነው። አንድን ሆስፒስ ደህና የሚያሰኘው እያንዳንዱ ነገር አንድ ዘመን ላይ ሰው ተሠቃይቶ የተገኘ ትምህርት ነው። ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

የእግዜር እንግዳ

ሆስፒስ የሚለው ቃል ከላቲን የመጣ ነው። የተገኘበት ቃል እንግዳውንም እንግዳ ተቀባዩንም ይጠራል። በጥንት ዘመን አውሮፓ ውስጥ ወደ ቅዱሳን ቦታ በእግር የሚጓዙ ሰዎች የሚያርፉበት፣ ከታመሙም የሚታመሙበት ቤት ነበር። በእኛ አገር መሽቶበት ደጅ የቆመ መንገደኛ «የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» እንደሚለው ማለት ነው።

በ1842 በፈረንሳይ ሊዮን ከተማ ዣን ጋርኒዬ የምትባል፣ ባሏንና ልጆቿን በሞት ያጣች ሴት ባል የሞተባቸውን ሴቶች ሰብስባ ማኅበር አቋቋመች። ሥራቸው መዳን የማይችሉ በሽተኞችን ማስታመም ነበር። በ1879 ደብሊን ውስጥ የአየርላንድ መነኮሳት ለሚሞቱ ሰዎች ቤት ከፈቱ። እነዚሁ መነኮሳት በ1905 ለንደን ውስጥ ሴንት ጆሴፍ የሚባለውን ከፈቱ። ልብ በሉ፣ ይህን ሥራ የጀመሩት ሴቶች ናቸው። የሚሰጡትም ንጹሕ አንሶላ፣ ትኩስ ሾርባ፣ ጸሎት፣ አጠገብ መቀመጥ ነበር። ሕመሙን ራሱን የማስታገሱ እውቀት ግን ገና አልዳበረም ነበር።

አስተናጋጁ የተወው 500 ፓውንድ

የዛሬውን ሆስፒስ የመሠረተችው ሲስሊ ሳንደርስ የምትባል እንግሊዛዊት ናት። በ1918 ተወለደች። ነርስ ሆና ሠራች፤ ወገቧን ስታመም ነርስነቱን ትታ ሆስፒታል ውስጥ የበሽተኞችን ኑሮ የምትከታተል ማኅበራዊ ሠራተኛ ሆነች። በዚያ ሥራ ላይ እያለች በ1947 ዴቪድ ታስማ የሚባል በሽተኛ አገኘች።

ይህን ሰው እንድታውቁት የምፈልገው ከእኛ ጋር ስለሚመሳሰል ነው። ከዋርሶ የመጣ ፖላንዳዊ ይሁዲ ነበር። ለንደን ውስጥ የሚኖረው በምግብ ቤት አስተናጋጅነት ሲሆን ዘመድ አልነበረውም። ዕድሜው ገና 40 ሳለ ካንሰር ያዘው። ሲስሊ እየሄደች ታጫውተው ነበር። እንደሱ ያለ ሰው በደህና የሚሞትበት ቤት ምን ዓይነት መሆን እንዳለበት አብረው ይነጋገሩ ነበር። በ1948 ሲሞት 500 ፓውንድ ተወላት። ገንዘቡ ወደፊት በምትሠራው ቤት ውስጥ መስኮት እንዲሆን ነበር የተናዘዘው።

ከዚያ ቤቱ እስኪሠራ 19 ዓመት ፈጀ። አንድ የቀዶ ሕክምና ሐኪም «ለሚሞቱ ሰዎች መሥራት ከፈለግሽ ሕክምና ተማሪ፤ የሚተዋቸው ሐኪሞቹ ናቸውና» የሚል ምክር ስለሰጣት፣ ሕክምና ተምራ በ1957 ሐኪም ሆነች። ሴንት ክሪስቶፈር የተባለው ሆስፒስ በደቡብ ለንደን በ1967 ተከፈተ። የአስተናጋጁ መስኮትም አለ። ዓለም ሁሉ የተከተለው ቤት መነሻው የአንድ ብቸኛ ስደተኛ ጥሪት ነው።

ሲስሊ ያስተማረችው የመጀመሪያ ነገር ስለ ሰዓት ነው። በዚያን ጊዜ ሆስፒታሎች ውስጥ ልማዱ በሽተኛው ሕመሙ እስኪጠናበት ጠብቆ መድኃኒት መስጠት ነበር። ይጮኻል፣ ይለምናል፣ መርፌ ይወጋል፣ ይተኛል፤ ሲነቃ እንደገና ይለምናል። እሷ ግን በፈቃደኝነት ታገለግልበት በነበረ ሴንት ሉክ በሚባል ቤት ውስጥ ሞርፊን በየአራት ሰዓቱ፣ ሕመሙ ተመልሶ ሳይመጣ ሲሰጥ አይታ ነበር። ይህን ወደ ሴንት ጆሴፍ አመጣችው፤ ከ1,000 በላይ በሽተኞችን ሁኔታም እየጻፈች መዘገበች። በ1986 የዓለም ጤና ድርጅት ለካንሰር ሕመም ይህንኑ መንገድ ለአገሮች ሁሉ አወጣ፤ መድኃኒቱ በአፍ፣ ሰዓቱን ጠብቆ፣ እንደ ሕመሙ ደረጃ ይሰጥ ተባለ።

ሁለተኛው ትምህርቷ ሕመም አንድ ብቻ አይደለም የሚል ነው። ሥጋ ያማል፤ ሐሳብ ያማል፤ ከቤተሰብ መጣላትና የገንዘብ ጭንቀት ያማል፤ ነፍስም ታማለች። ስለዚህ ሐኪም ብቻውን አይበቃም። ነርስ፣ ማኅበራዊ ሠራተኛ፣ እንደ ሃይማኖቱ ካህን ወይም ሼህ አብረው መሥራት አለባቸው። ቤተሰቡም የሚታገዝ ነው፤ በሽተኛው ከሞተ በኋላም አይተውም።

ፍቅር ብቻ ሲሆን፣ ወረቀት ብቻ ሲሆን

አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ ያለውን የማዘር ቴሬዛ ቤት ብዙዎቻችን እናውቃለን። የማዘር ቴሬዛ የመጀመሪያው የሚሞቱ ሰዎች ቤት የተከፈተው በሕንድ ካልካታ በ1952 ነው። መንገድ ላይ የወደቀውን አንስተው፣ አጥበው፣ ቁስሉን ጠርገው ያስታምሙ ነበር። በ1994 ላንሴት የሚባለው የሕክምና መጽሔት አዘጋጅ ሮቢን ፎክስ ካልካታ ሄዶ ያየውን ጻፈ። ንጽሕናውንና ደግነቱን አመሰገነ። ግን ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ አለመኖሩን ነቀፈ፤ ይህ ከሆስፒስ ይለየዋል አለ። በእኔ አስተያየት ሁለቱም እውነት ነው። ደግነት ያለ መድኃኒት ጎዶሎ ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ ወረቀት ያለ ደግነት አለ። እንግሊዝ አገር ሊቨርፑል ውስጥ በ1990ዎቹ መጨረሻ ሆስፒስ ውስጥ ያለው ጥሩ አሠራር ሆስፒታሎችም ውስጥ እንዲገባ ተብሎ ለመጨረሻ ቀናት የሚሆን የሥራ መመሪያ ወጣ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። እየቆየ ግን በአንዳንድ ሆስፒታል ቅጹን መሙላት ማስታመሙን ተካው። ቤተሰብ ሳይነገረው የተጀመረባቸው፣ ውኃ የተከለከሉ በሽተኞች አሉ የሚል አቤቱታ በዛ። በ2013 ጁሊያ ኑበርገር የመሩት ምርመራ መመሪያው ይቅር አለ፤ ቀረም። ስለዚህ ድርጅቱ የሚያምር ፋይል ይዞ መምጣቱ ብቻ አያሳምነን።

ገንዘብ ሲገባበት

ሲስሊ ሳንደርስ በ1963 አሜሪካ ዬል ዩኒቨርሲቲ ሄዳ አስተማረች። የነርሶች ትምህርት ቤት ኃላፊ የነበረችው ፍሎረንስ ዋልድ ከሰማቻት በኋላ ኃላፊነቷን ትታ እሷን ተከተለች። በ1974 ኮነቲከት ውስጥ የአሜሪካ የመጀመሪያው ሆስፒስ ሥራ ጀመረ። የጀመረውም አልጋ ባለው ሕንጻ ሳይሆን ሰው ቤት ድረስ በመሄድ ነው።

በ1982 የአሜሪካ መንግሥት ለመኖር ስድስት ወር ወይም ከዚያ በታች ቀርቷቸዋል ለተባሉ አረጋውያን የሆስፒስን ወጪ እንዲከፍል ሕግ ወጣ። ለድሃው ትልቅ እፎይታ ነበር። ግን ክፍያው በቀን ነው። ነርሷ ብትመጣም ባትመጣም ለዚያ ቀን ይከፈላል። ታዲያ ትርፍ ፈላጊው ምን ያደርጋል? ብዙ በሽተኛ ይመዘግባል፣ ጥቂት ጊዜ ይጎበኛል። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ አብዛኞቹ ሆስፒሶች ለትርፍ የተቋቋሙ ናቸው። በ2019 የመንግሥት መርማሪዎች ባወጡት ሪፖርት ከ2012 እስከ 2016 ከተፈተሹት ሆስፒሶች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ ጉድለት ተገኝቶባቸዋል።

ከ2015 ወዲህ ግን በሽተኛው ከሞተ በኋላ ቤተሰቡ ይጠየቃል። እርዳታ ስትፈልጉ፣ ሌሊትም ሆነ በዓል፣ በጊዜው አገኛችሁ? ሕመሙን አስታገሱለት? መድኃኒት አሰጣጥ አስተማሯችሁ? በአክብሮት ያዟችሁ? በመጨረሻዎቹ ቀናት ነርስ መጥታ እንደሆነም ከመዝገብ ይታያል። መልሱ ለሕዝብ ይወጣል፣ ሰውም አወዳድሮ ይመርጣል።

ድህነት ሰበብ አይሆንም

«ይህ የሀብታም አገር ነገር ነው» የምትሉ ትኖራላችሁ። በ1993 አን ሜሪማን የምትባል ሐኪም ካምፓላ ውስጥ ሆስፒስ ከፈተች። ኡጋንዳ የሞርፊን ዱቄት ገዝታ በውኃ በጥብጣ የሚጠጣ መድኃኒት ማዘጋጀት ቻለች፤ ዋጋውም ርካሽ ነው። ሐኪም ስለማይበቃ ደግሞ በ2004 ልዩ ሥልጠና የወሰዱ ነርሶች ሞርፊን እንዲያዙ ሕግ ፈቀደ። በእኛም አገር ሆስፒስ ኢትዮጵያ ከ2003 ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ ነርሶቹን ሰው ቤት ድረስ ይልካል።

የጎደለው ግን ገና ብዙ ነው። በ2017 ላንሴት ላይ በወጣ ጥናት በዓለም በዓመት ከሚከፋፈለው 298.5 ቶን ሞርፊንና መሰሉ መድኃኒት ውስጥ ለድሃ አገሮች የሚደርሰው 0.1 ቶን ብቻ ነው። አገር ቤት ያሉ እናቶቻችን የሚታመሙት በዚህ ውስጥ ነው።

እኛ ያለንበት

ሊባኖስ የማስታገሻ ሕክምናን ራሱን የቻለ የሕክምና ዘርፍ አድርጋ ያወቀችው በ2013 ነው። ቤት ድረስ የሚሄዱ ባልሳምና ሰናድን የመሳሰሉ በጎ አድራጊዎችም አሉ።

እኔ ያስታመምኳቸው ተይታ፣ ማለት አያታችን፣ ካንሰር ነበረባቸው። መጀመሪያ ቤተሰቡ የከፈለው ድርጅት ነርሷን በሳምንት ሁለት ቀን ይልክ ነበር። የደም ግፊት ለክታ፣ ፈርማ ትሄዳለች። ተይታ ሰው ፊት ጨዋ ስለሆኑ «ሐምዱሊላህ ደህና ነኝ» ይሏታል። ማታ ግን ትራሱን ነክሰው ያድራሉ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ። አንድ ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ማዳም ስልኩን ስትደውል ውላ አደረች፤ የሚያነሳ የለም። ቤተሰቡ ሌላ ቡድን አመጣ። አዲሷ ነርስ ተይታን ከጠየቀች በኋላ ወደ እኔ ዞራ «ሌሊቱን የምታድሪው አንቺ ነሽ፤ ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚብስባቸው?» አለችኝ። የጻፍኩበትን ደብተር አሳየኋት። መድኃኒቱ በየአራት ሰዓቱ ተደረገ። ሳይዋጥ ሲቀር ምን እንደማደርግ፣ አፋቸውን በምን እንደማርስ፣ ጀርባቸው እንዳይቆስል በየስንት ሰዓቱ እንደማገላብጥ አሳየችኝ። «አንቺስ መቼ ነው የምትተኚው?» ብላ ለማዳም ስለነገረችልኝ፣ ሁለት ሌሊት ሌላ ሰው እንዲያድር ተደረገ። ተይታ ከሁለት ወር በኋላ በእንቅልፋቸው አረፉ። ከሳምንት በኋላ ነርሷ ደውላ ማዳምን አጽናናች፤ እኔንም «እንዴት ነሽ» አለችኝ።

ልዩነቱ ይህ ነው። መርጦ የሚከፍለው ቤተሰቡ ነው፤ የድርጅቱን ሥራ ሌት ተቀን የምናየው ግን እኛ ነን። ስለዚህ ማዳም ወይም ባባ አማክረዋችሁ እንደሆነ፣ ባያማክሩም ጨዋ በሆነ አነጋገር፣ እነዚህን እንዲጠይቁ ንገሯቸው።

ሌሊትና በበዓል ስልክ የሚያነሳው ማነው? ካስፈለገስ ሰው ይመጣል?
የሕመም መድኃኒቱ በሰዓት ነው ወይስ እስኪጮኹ ይጠበቃል? ሞርፊን ቢያስፈልግ ማዘዝ የሚችል ሐኪም አላቸው?
ነርሷ በሳምንት ስንት ቀን ትመጣለች? የመጨረሻው ቀን ሲቃረብስ ይጨምራሉ?
አጠገባቸው የምታድረውን ሴት ያስተምራሉ? በምትሰማው ቋንቋ ነው?
ካረፉ በኋላ ቤተሰቡን ይጠይቃሉ?

አንድ ነገር ልጨምር። ያላስተማሩሽን መርፌ ውጊ፣ ያልገባሽን መድኃኒት ስጪ ቢሉሽ «መጀመሪያ ነርሷ ታሳየኝ» ማለት መብትሽ ነው፤ ለበሽተኛውም ደኅንነት ነው።

ሌላው ደብተር ነው። በሽተኛው ያመመበትን ሰዓት፣ መድኃኒት የወሰደበትን፣ የተደወለበትንና ሰው የመጣበትን ሰዓት ጻፉ። በአማርኛም ቢሆን ችግር የለውም፣ ቁጥሩን ሁሉም ያነበዋል። አንድ ሰሞን ከተጻፈበት ድርጅቱ ይሥራ አይሥራ ከማንም ክርክር በላይ ደብተሩ ይናገራል።

አምላክ ለሚያስታምሙት ጉልበት፣ ለሚታመሙት እፎይታ ይስጥ። ለአገራችን በሰላም ያብቃን።