የጠረጴዛ ቻርጀር፦ ስልክንና ቅያሪ ባትሪን አንድ ላይ የሚሞላው ዕቃ እንዴት ይሠራል?



በኪርያት ሞሼ የሚኖሩ አንዲት እናት ስልክ ደውለው እንዲህ ሲሉ ጠየቁን፦ «ልጄ አንድ ዕቃ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦልኝ ሄደ። ከፊቱ ስልኩ ይቆምበታል፤ ከኋላው ደግሞ ሌላ ባትሪ ገብቶበታል። ሌሊቱን ሙሉ እንደተሰካ ቢያድር ቤት ያቃጥልብኛል ወይ? ብነቅለው ደግሞ ጠዋት ስልኩ ሞቶ ይጠብቀኛል።»

ጥያቄው የብዙዎቻችን ነው። ብቻውን ለሚኖር ትልቅ ሰው ስልክ ማለት የልጆቹ ድምፅ፣ የኩፓት ሆሊም ቀጠሮ፣ በችግር ጊዜም የማስጠንቀቂያ ደወል ነው። ጁን 15 ቀን 2025 ሌሊት ከኢራን የተተኮሰ ሚሳይል እዚሁ ሬሆቮት ውስጥ የዋይዝማን ኢንስቲትዩትን መትቷል። በእንዲህ ያለ ሌሊት ስልኩ የሞተበት ሰው የፒኩድ ሃዖሬፍ መልእክት በስልኩ አይደርሰውም፤ ልጆቹም ደውለው አያገኙትም። በሌላ በኩል እሳትን መፍራትም ያለ ምክንያት አይደለም። ስለዚህ ዕቃው እንዴት እንደሚሠራ ቀስ ብለን እንመልከት።

ዕቃው ምንድን ነው?

የጠረጴዛ ቻርጀር በዕብራይስጥ «ማትዔን ሹልሓኒ» ይባላል። ስልኩ የሚቆምበት ትንሽ መቀመጫ ነው። በአንዳንዱ ላይ ከስልኩ ኋላ ለቅያሪ ባትሪ የተዘጋጀ ጎድጓዳ ቦታ አለ። ስልኩ ሲሞላ ቅያሪው ባትሪም ይሞላል። የስልኩ ባትሪ ሲያልቅ የሞላውን ያስገቡና ያለቀውን በቦታው ይተካሉ።

ይህ አሠራር የመጣው ከችግር ነው። በ1983 ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው የሞቶሮላ የእጅ ስልክ ለግማሽ ሰዓት ያህል ካነጋገረ በኋላ ባትሪውን ለመሙላት 10 ሰዓት ያህል ይፈልግ ነበር። ቅያሪ ባትሪ የሌለው ሰው ቀኑን ሙሉ ከሶኬት አጠገብ መቀመጥ ነበረበት። ዛሬ አብዛኞቹ ዘመናዊ ስልኮች ባትሪያቸው እንዳይወጣ ሆኖ የተዘጋ ነው። ቁልፍ ያላቸው ትንንሽ ስልኮችና ብዙዎቹ «ካሼር» የሚባሉት ስልኮች ግን ዛሬም ባትሪያቸው ይወጣል፤ የጠረጴዛ ቻርጀር በቅያሪ ባትሪ የሚጠቅመውም ለእነዚህ ነው።

ከግድግዳው እስከ ባትሪው

በእስራኤል ከግድግዳው ሶኬት የሚወጣው ኤሌክትሪክ 230 ቮልት ነው። አቅጣጫውንም በሴኮንድ 50 ጊዜ ወዲያና ወዲህ እያለ ይመላለሳል። የስልክ ባትሪ ደግሞ 4 ቮልት ገደማ፣ ያውም በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ኤሌክትሪክ ነው የሚፈልገው። 230ውን በቀጥታ ቢያገኝ ወዲያው ይበላሻል።

ስለዚህ ሶኬቱ ላይ የሚሰካው ትንሽ ሳጥን ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛ፣ ኃይሉን ወደ 5 ቮልት ገደማ ዝቅ ያደርገዋል። ሁለተኛ፣ የሚመላለሰውን ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ እንዲሄድ ያደርገዋል። ሳጥኑ በሥራ ላይ ሳለ ለብ ማለቱ ያለ ነው። እጅ እስኪያሸሹ ድረስ ከፋጀ ግን ነቅለው ያስወግዱት።

በቃህ የሚለው ማን ነው?

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ባትሪ ሲሞላ ውሃ ወደ ጋን እንደመቅዳት ነው። የጋኑ ሆድ ባዶ ሳለ በድፍረት ይቀዳል። አንገቱ ጋ ሲደርስ ግን እንዳይፈስ ቀስ ተብሎ ይቀዳል፤ ሲሞላም ይቆማል። የዛሬዎቹ የሊቲየም ባትሪዎችም የሚሞሉት እንደዚሁ ነው። መጀመሪያ ላይ ኤሌክትሪኩ በርከት ብሎ ይገባል። ባትሪው ወደ 4.2 ቮልት ሲጠጋ እየቀነሰ ይሄዳል፤ በመጨረሻም ይቋረጣል። ከልክ በላይ ከተሞላ ባትሪው ይግላል፣ ይነፋል፣ እሳት እስከመፍጠርም ሊደርስ ይችላል።

እንግዲህ «በቃህ» ብሎ የሚያስቆመው ማን ነው? ባትሪው ስልኩ ውስጥ ካለ ጠባቂው ስልኩ ራሱ ነው። በስልኩ ውስጥ ያለ ትንሽ መቆጣጠሪያ እየለካ ይቀንሳል፣ ያቆማል። ባትሪው ከስልኩ ወጥቶ ቻርጀሩ ላይ ብቻውን ሲቀመጥ ግን ያ ጠባቂ አብሮት የለም። ደህና ባትሪ በውስጡ የራሱ መከላከያ ቢኖረውም፣ እሱ ለክፉ ጊዜ የተቀመጠ የመጨረሻ አጥር ነው። በየቀኑ እየለኩ የማስቆሙ ሥራ የጠረጴዛው ቻርጀር ይሆናል።

ጥሩ ቻርጀርና ርካሽ ቻርጀር የሚለያዩት በዚህ ነው። ለአንድ የስልክ ዓይነት ተብሎ የተሠራ ቻርጀር የባትሪውን ልክ ያውቃል። በባትሪው ጫፍ ላይ ካሉት ቢጫ መዳቦች አንዱ መደመር፣ አንዱ መቀነስ ነው። ሦስተኛ ካለ ደግሞ የባትሪውን ዓይነት ወይም ሙቀቱን የሚናገር ነው። በገበያ ላይ ለማንኛውም ባትሪ ይሆናል ተብሎ የሚሸጠው፣ ሁለት ጥፍሮቹን እያንሸራተቱ የሚያገናኙት ዓይነት ግን ብዙ ጊዜ ይህን ሦስተኛ መዳብ አያነበውም። አንዳንዱም ጠንካራ መቆጣጠሪያ የለውም። በእሱ የሚጠቀሙ ከሆነ ነቅተው ሳሉ፣ ዓይንዎ እያየው ብቻ ይሁን፤ መብራቱ መሙላቱን ሲያሳይም ይንቀሉት።

የመብራቱ ቋንቋ

በብዙ ቻርጀሮች ቀይ መብራት «እየሞላሁ ነው»፣ አረንጓዴ ደግሞ «ሞልቷል» ማለት ነው። ሁለት ባትሪ የሚይዘው ዕቃ ብዙ ጊዜ ሁለት መብራት አለው፤ አንዱ የስልኩ፣ አንዱ የቅያሪው። ከሁለቱ አንዱን ማስቀደም ሲያስፈልገው በአብዛኛው ስልኩን ያስቀድማል። ስለዚህ የቅያሪው መብራት ቢዘገይ አይደንግጡ። መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ ከቀጠለ ባትሪው በትክክል አልገባም ወይም ችግር አለበት ማለት ሊሆን ይችላል። አውጥተው መዳቦቹን በደረቅ ጨርቅ ጠርገው ይመልሱት።

ስንት ሰዓት፣ ስንት ገንዘብ?

ባትሪው ላይ የተጻፈው ትልቁ ቁጥር ምን ያህል እንደሚይዝ ይናገራል። 1,000 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በ500 ሚሊአምፔር ቢሞላ፣ በስሌት ሁለት ሰዓት ነው። አንገቱ ጋ ሲደርስ ስለሚዘገይ ግን ሦስት ሰዓት ያህል ይቆጥሩለት።

የመብራት ሒሳብ ፈርተው ቻርጀር ቶሎ ቶሎ የሚነቅሉ አሉ። 4,000 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚይዝ ትልቅ የስልክ ባትሪ ከባዶ እስኪሞላ የሚወስደው ኤሌክትሪክ ዋጋው ከሁለት አጎሮት አይበልጥም። በዚህ ምክንያት ስልክዎን ባዶ አያሳድሩ።

የሬዲዮ ድንጋይና የስልክ ባትሪ

በአገር ቤት የሬዲዮ ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣ ነበር። ሙቀቱ ለጥቂት ጊዜ ያነቃቃዋል፤ ሬዲዮውም ትንሽ ያወራል። በስልክ ባትሪ ግን ይህን ማድረግ አይገባም። የሊቲየም ባትሪ ጠላቱ ሙቀት ነው። በበጋ በቆመ መኪና ውስጥ፣ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ሥር ወይም ምድጃ አጠገብ አያስቀምጡት።

ሌላም የቆየ ልማድ አለ፤ «ባትሪው ጨርሶ ካላለቀ አትሰካው» የሚለው። ይህ ምክር ለድሮዎቹ የኒኬል ካድሚየም ባትሪዎች ነበር። የሊቲየም ባትሪ በግማሽ ቢሰካ አይጎዳም፤ እንዲያውም ጨርሶ ባዶ እስኪሆን አለመጠበቁ ይሻለዋል። ባትሪ ዕድሜም አለው። ከ300 እስከ 500 ጊዜ ያህል ሙሉ በሙሉ ከተሞላና ካለቀ በኋላ መድከም ይጀምራል። ያኔ ቶሎ ቢያልቅብዎ ጥፋቱ የቻርጀሩ አይደለም።

የአደጋ ምልክቶች

ባትሪው ካበጠ፣ የስልኩን ክዳን ገፍቶ ካነሳ፣ ከፈሰሰ ወይም እንግዳ ሽታ ካመጣ ከእንግዲህ አይሰካም። ያበጠ ባትሪ በመርፌም በቢላም አይነካም፤ አይጫንም። ቻርጀሩን ነቅለው፣ ባትሪውን ሊቃጠል ከሚችል ነገር አርቀው ያስቀምጡና ሰው ይጥሩ። ጭስ ወይም እሳት ካዩ ዕቃውን ለማዳን አይሞክሩ፤ ጭሱ መርዛማ ነው። ከክፍሉ ወጥተው በሩን ይዝጉ፣ ከቤት ይውጡና በ102 ለእሳት አደጋ ይደውሉ። የተጎዳ ሰው ካለ የማጌን ዳቪድ አዶም ቁጥር 101 ነው።

ስሙ የታወቀ ኩባንያም ቢሆን ሊሳሳት ይችላል። በ2007 ኖኪያ «ቢኤል-5ሲ» ከሚባለው ባትሪው ወደ 46 ሚሊዮን የሚሆኑት ሲሞሉ ከልክ በላይ ሊግሉ እንደሚችሉ አስጠንቅቆ በነፃ እንደሚለውጥ አስታውቆ ነበር። አስመስሎ የተሠራ ባትሪ ሲሆን ደግሞ ኃላፊነት የሚወስድለት ሰው የለም። ስለዚህ ባትሪና ቻርጀር ሲገዙ ስልኩን ይዘው ይሂዱ፤ በባትሪው ላይ የተጻፈው ፊደልና ቁጥር ከድሮው ጋር አንድ መሆኑን ያስተያዩ፤ «ታቭ ቴኬን» የሚባለውን የደረጃዎች ምልክትም ያስፈልጉ። ደረሰኙን አይጣሉ።

የሞተ ባትሪ ከቆሻሻ ጋር አይጣልም። መዳቦቹን በፕላስተር ሸፍነው በሱቆች ውስጥ ባለው የባትሪ መሰብሰቢያ ሳጥን ይጨምሩት።

የስልክዎ ባትሪ የማይወጣ ከሆነ

ያኔ የቅያሪ ባትሪን ቦታ የሚተካው «ማትዔን ናያድ» የሚባለው ተንቀሳቃሽ ቻርጀር ነው። እሱ ራሱ ትልቅ ባትሪ ነው፤ መቆጣጠሪያውም በውስጡ አለ። 10,000 ተብሎ የተጻፈበት ሁሉንም አይሰጥም። ኃይሉን ለስልኩ እንዲስማማ ሲለውጥ ከፊሉ በሙቀት ስለሚጠፋ፣ ለስልክዎ የሚደርሰው 6,000 ያህል ነው። ይህም 4,000 የሚይዝ ስልክ አንድ ጊዜ ተኩል ይሞላል። ማማድ ውስጥ ከሚዘጋጁት ዕቃዎች ጋር ያስቀምጡት፤ ባይጠቀሙበትም በሁለትና በሦስት ወር አንዴ አውጥተው ይሙሉት።

ሰንበትና ጉዞ

ስልኩንም ቅያሪውንም ሐሙስ ማታ ወይም ዓርብ ጠዋት ሞልተው ይጨርሱ። ቻርጀሩ እንደተሰካ ሰንበት የሚገባ ከሆነ፣ ሶኬቱ በሰንበት ሰዓት የሚጠፋ እንዳይሆን አስቀድመው ይመልከቱ። የተሰካ መስሎን መብራቱ በጊዜ ቆጣሪው ከጠፋ ስልኩ ሳይሞላ ያድራል። በሰንበት ስልክን ስለመንካትና ስለመሰካት ግን የሚጠየቁት ቄሳችሁ ወይም ራቢያችሁ ናቸው።

ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ጎንደር የሚሄዱ ከሆነ በቻርጀሩ ላይ «100–240» የሚል መጻፉን ይመልከቱ፤ ከተጻፈ እዚያም ይሠራል። ሦስት እግር ያለው የእስራኤል መሰኪያ ግን በዚያ ሶኬት ስለማይገባ ማገናኛ ይያዙ። ቅያሪ ባትሪና ተንቀሳቃሽ ቻርጀር በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይገቡም፤ በእጅ ቦርሳ ነው የሚያዙት። ከ100 ዋት ሰዓት በላይ የሆነ ተንቀሳቃሽ ቻርጀር የአየር መንገዱን ፈቃድ ይፈልጋል። ይህም 27,000 ሚሊአምፔር ሰዓት ገደማ ነው።

ለጠያቂያችን መልስ

እናታችን፣ ቻርጀሩ ለስልክዎ ተብሎ የተሠራ፣ ታቭ ቴኬን ያለው፣ ባትሪውም ያላበጠ ከሆነ ተሰክቶ ቢያድር ሲሞላ ራሱ ያቆማል። ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፤ አልጋ ላይ ወይም ትራስ ሥር አይሁን፤ ጋቢም ነጠላም አይጣልበት። ወደ መውጫው በር የሚያልፉበት ቦታ ላይም አያስቀምጡት። እንደዚያም ሆኖ ልብዎ ካላረፈ ከእራት በፊት ይሰኩትና ሊተኙ ሲሉ ይንቀሉት፤ ባትሪው ሞልቶ ያድራል። ባለሁለት ጥፍሩ ርካሽ ዓይነት ከሆነ ግን ተሰክቶ አይደር። የትኛው እንደሆነ ካልለዩ ልጅዎ ሲመጣ ከሥሩ የተጻፈውን እንዲያነብልዎ ያድርጉ።

ጥያቄ ያላችሁ ደውሉልን። ደህና ሁኑ።