ደንገጎን የወጡ፣ ደቻቱ የወረዱ

የድሬዳዋ ታሪክ ሲነሳ ባቡሩ ይቀድማል። ይገባዋልም፤ በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ከጅቡቲ 310 ኪሎ ሜትር ተጉዞ እዚህ ባይደርስ ኖሮ ከተማዋም ባልተቆረቆረች ነበር። ከዚያ የኮንትሮባንዱ፣ የሙቀቱና የከዚራ ሰፈር ዛፎች ወግ ይከተላል። ይህች ከተማ ግን ስንት ልጅ ወደ ኮሌጅ ምዝገባ እንደሸኘች፣ ስንቱንም እንደተቀበለች የሚናገር ጽሑፍ አላገኘሁም። ደቻቱ ወንዝ ዳር ተወልጄ፣ እዚሁ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝና ይህ ዝምታ ይቆጨኛል።

በታኅሣሥ 1943 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት ለድሬ ልጅ ኮሌጅ ማለት በባቡር ወደ ላይ መሄድ ነበር። በድሬው ባቡር ጣቢያ፣ ለገሃር ላይ የሚለቀሰው ልቅሶ የሞት እንጂ የምዝገባ አይመስልም ነበር ይሉ ነበር ትልልቆቹ። ብዙም ሳይቆይ ነገሩ አቅጣጫ ለወጠ። በ1944 መንግሥት ከአሜሪካው የኦክላሆማ ኮሌጅ ጋር ተስማምቶ የእርሻና የመካኒክ ጥበብ ኮሌጅ አቋቋመ፤ ትምህርቱ ጅማ ላይ ተጀመረና በ1949 ወደ አለማያ ተዛወረ። በጥር 1950 አፄ ኃይለ ሥላሴ ግቢውን መረቁት። ከዚያ በኋላ ከመሀል አገር የሚመጣው ተማሪ ለገሃር ወርዶ፣ ድሬ አድሮ፣ በማግስቱ በመኪና የደንገጎን ተራራ ይወጣ ጀመር። መንገዱ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ አየሩ ግን ሌላ አገር ነው። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣ ስትግል፣ አለማያ 2,000 ሜትር ላይ ይበርዳል።

ታላቅ ወንድሜ አለማያ የገባው በ1959 ነው። ያን ጊዜ ትንሽ ልጅ ነበርኩ፤ እናቴ ብርድ ልብስ ፍለጋ የመጋላን ገበያ ስታስስ ግን በደንብ አስታውሳለሁ። እኛ ቤት በሙቀቱ ወራት አልጋ ግቢ ይወጣል፤ የምንለብሰው ነጠላ ነው፣ እሱንም ሌሊት እንገፍፈዋለን። ብርድ ልብስ ለእናቴ እንግዳ ዕቃ ነበር፤ ገዝታ መጥታ ለጎረቤት ሁሉ አስዳሰሰች። ሰፈራችን ደቻቱ ያን ሰሞን እንደ ሠርግ ቤት ነበረች። ኦሮሞዋ ጎረቤታችን ቅቤ፣ ሶማሌዋ ቴምር፣ እናቴ በሶ አዘጋጅተው አንድ ላይ ቋጠሩለት።

ወንድሜ ለእረፍት ሲመለስ ስለ ምዝገባው ቀን ደጋግመን እናስወራው ነበር። መጀመሪያ ግቢውን አስጎበኟቸው፤ የወተት ላሞቹን፣ የሙከራ እርሻውን፣ ቤተ መጻሕፍቱን። ቀጥሎ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ነው። አንዱ ጋ ፎርም ይሞላል፣ ሌላው ጋ አሜሪካዊ መምህር ኮርሶቹን አይቶ ይፈርምለታል፣ ከዚያ የመኝታ ክፍል ቁልፍ ይቀበላል። ክሬዲት አወር፣ ሴሚስተር፣ አማካሪ መምህር፣ ሬጅስትራር የሚባለው ሥርዓት ሁሉ አሜሪካኖቹ ከአገራቸው ይዘውት የመጡት ነው። ኦክላሆማዎች በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሥራቸውን አስረክበው ሄዱ፤ የጠረጴዛው ሰልፍ ግን እስከ ዛሬ አለ። ወንድሜን ያስገረመው ፊርማው ነበር። አንድ መምህር ጊዜ ሰጥቶ ምን መማር እንደሚፈልግ ሲጠይቀው በሕይወቱ ያ የመጀመሪያው ነበር።

በ1967 ምዝገባ የለም፤ 60,000 ያህል ተማሪና መምህር ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወጣ። እሱ ራሱን የቻለ ታሪክ ነውና እዚህ አልገባበትም።

ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት፣ 1998 ዓ.ም. ደቻቱ ሞላ። ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ብቻ የሚታይበት ወንዝ ተኝተን ሳለን መጣ፤ ከ250 በላይ ሰው ወሰደ። ያስተማርኳቸው ልጆች ነበሩበት። ከዚህ በላይ ስለዚያ ሌሊት መጻፍ አልችልም። ጎረቤቶቻችን ገና በጊዜያዊ መጠለያ ሳሉ፣ በ1999፣ ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ተማሪዎቹን ተቀበለ፤ በአንድ ዙር ከተከፈቱት 13 አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ነበር። ስትሸኝ የኖረች ከተማ በሐዘኗ መሀል ተቀባይ ሆነች። ለእኔ ከባቡሩ መምጣት ቀጥሎ የሚጻፍ ቀን ይህ ነው።

ከጎጃም፣ ከትግራይ፣ ከወላይታ የመጡት ልጆች የጥሪ ማስታወቂያው ያዘዘውን ሁሉ ይዘው ወረዱ፤ የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ካርድ፣ ትራንስክሪፕት፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ አንሶላ፣ የትራስ ልብስ፣ ብርድ ልብስ። ማስታወቂያው ደጋና ቆላ አይለይም። ወፍራሙ ብርድ ልብስ ድሬ ላይ ፍራሽ ማለስለሻ ሆኖ ይቀራል። ከዓመታት በኋላ ልጇን ልታደርስ የመጣች የደብረ ማርቆስ እናት ደጃችን ጥላ ሥር አረፍ ብላ፣ «እቴ፣ ልጄ በዚህ ሙቀት ይታመምብኝ ይሆን?» አለችኝ። «ውሃ ይጠጣ፣ ቀትር ላይ አይውጣ፣ አጎበር ግዢለት» አልኳት። አጎበሩን የነገርኳት በ2006 ደንጊ፣ በ2011 ደግሞ ቺኩንጉንያ ከተማችንን ስላመሷት ነው። ማስታወቂያውን የሚጽፉት ሰዎች ቢሰሙኝ፣ በድሬው ዝርዝር ላይ ብርድ ልብሱን ሰርዘው አጎበር ይጻፉበት።

ሌላም የተለወጠ ነገር አለ። ወንድሜ በነፃ በልቶ፣ በነፃ አድሮ ተምሯል፤ ከ1996 ወዲህ የገባ ተማሪ የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል። በዚያው ዘመን የፍሬሽማን ዓመት ቀርቶ ነበር፤ ልጆቹ የአንደኛ ዓመት ጣዕም ሳያዩ በቀጥታ ወደ ሙያ ትምህርት ይገቡ ነበር። በ2012 መመለሱን ስሰማ ደስ አለኝ። አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ልጅ ቢያንስ አንድ ዓመት አይቶ፣ ጠይቆ ይምረጥ። ከዚያም በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ ከተቀመጡት 896,520 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 29,909 ብቻ ሆኑ። ያኔ በየሰፈሩ የነበረውን ጸጥታ ያየ፣ የምዝገባ ወረፋ መሰለፍ ራሱ ምን ያህል ዕድል እንደሆነ ያውቃል።

አሁን የማስበው ይህን ታሪክ መዝግቦ ስለማስቀመጥ ነው። የ1999ኙ የምዝገባ መዝገብ ተፈልጎ ለሕዝብ ይታይ፤ ደንገጎን በ1950ዎቹ የወጡት ሰዎችም ድምፃቸው ይቀዳ። ከደቻቱ ሰፈር በዚያ ዘመን አለማያ የገቡትን ስም መጻፍ ጀምሬያለሁ፤ በሕይወት ያሉት ጥቂት ስለሆኑ ከእነሱ እጀምራለሁ።