የማርቲን ጊታሮች፦ ጉድለት የተባለው እንዴት ሀብት ሆነ?



ዛሬ የምናገረው የጥንት ዕቃ ሰብሳቢዎች ብዙ ገንዘብ ስለሚከፍሉበት አንድ የጊታር ዓይነት ነው። የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ክርስቲያን ፍሬድሪክ ማርቲን በ1796 በሳክሶኒ፣ የሙዚቃ መሣሪያ ሠሪዎች ከተማ በሆነችው በማርክኖይኪርሽን ተወለደ። ሙያውን ያዳበረው በቪየና ከዮሐን ጌኦርግ ሽታውፈር ዘንድ ነው። በትውልድ ከተማው ግን የቫዮሊን ሠሪዎች ማኅበር አናጢዎች ጊታር እንዳይሠሩ ለማገድ ይከራከር ነበር፤ ማርቲን ደግሞ ከአናጢ ቤተሰብ የወጣ ነው። በ1833 ወደ ኒው ዮርክ ተሰደደ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም በፔንሲልቬንያ ናዝሬት ተቀመጠ። (ከተማዋ የአዳማችንን የቀድሞ ስም የምትጋራ መሆኗን ልብ ይሏል።)

የጊታር ሥራ ምስጢር በአንድ ቅራኔ ላይ ያርፋል። የሳጥኑ ፊት ድምፅ እንዲሰጥ ስስ መሆን አለበት፤ የአውታሮቹን ጉተታ እንዲችል ደግሞ ጠንካራ መሆን አለበት። ስለዚህ ከፊቱ ሥር፣ እንደ ጭቃ ቤት ማገር፣ ቀጫጭን ደጋፊ እንጨቶች ይጣበቃሉ። የማርቲን ቤት በ1840ዎቹ ሁለቱን ዋና ማገሮች በመስቀል ቅርጽ አገናኛቸው። ያን ጊዜ አውታሩ የአንጀት ጅማት ስለነበር ይህን ያህል ብርታት አያስፈልግም ነበር። ከሰባ ዓመታት በላይ ቆይቶ የብረት አውታር ሲስፋፋ ግን መስቀሉ ዝግጁ ሆኖ ጠበቀው።

ትልቁ ቅርጽ፣ «ድሬድኖት»፣ ስሙን ያገኘው ከ1906ቱ የእንግሊዝ የጦር መርከብ ነው። በ1916 ለዲትሰን ኩባንያ ተሠራ፤ በማርቲን ስም መሸጥ የጀመረው በ1931 ነው። የ1930ዎቹ ዲ-28 ፊቱ ከቀይ ስፕሩስ፣ ጎንና ጀርባው ከብራዚል ሮዝውድ ይሠራ ነበር። ማገሮቹም በመሣሪያ እየተሸረሸሩ ይቀልላሉ፤ ፊቱ በነፃነት የሚንቀጠቀጠው በዚህ ምክንያት ነው። በ1933 ለዘፋኙ ጂን ኦትሪ የተሠራው ባለ አባሎኒ ጌጥ ዲ-45 እስከ 1942 ድረስ የተመረተው 91 ብቻ ነው።

ከዚያ ምን ሆነ? ተጫዋቾች ወፍራም አውታር ማሰር ሲያዘወትሩ የሳጥኑ ፊት ያብጥ ጀመር። ፋብሪካውም በ1944 ማገሮቹን መሸርሸር ተወ። ቀዩ ስፕሩስ ሲያጥር በሲትካ ስፕሩስ ተተካ፤ ከጀርመን ይመጣ የነበረው የዓሣ አጥንት ጥለት የመሰለው የጠርዝ ጌጥም ከጦርነቱ በኋላ አለቀ። በ1969 ደግሞ የብራዚሉ ሮዝውድ ቦታውን ለሕንዱ ለቀቀ።

ብዙዎች ይህን ታሪክ የድሮ እጅ ጥበብ መውደቅ አድርገው ይተርኩታል። እኔ አልስማማም። በ1943 ማገሩን የሸረሸሩትና በ1945 ያልሸረሸሩት የአንድ ፋብሪካ ሠራተኞች ናቸው። ሰብሳቢው ዛሬ ውድ ዋጋ የሚከፍልበት ነገር ሠሪው እንደ ድክመት ቆጥሮ ያስወገደው ነው። ፋብሪካው ራሱ በ1976 የተሸረሸረውን ማገር ኤችዲ-28 በተባለው ሞዴል መልሶ አመጣው።

የታሪክ ተመራማሪውን የሚያስጨንቀው ጉዳይ ጥገናው ነው። ፊቱ ያበጠ የ1930ዎቹ ጊታር ይዘን ብንመጣ፣ ጠጋኙ የላላውን ማገር በሙጫ መልሶ ሊያጣብቅ ወይም አውጥቶ በአዲስ ሊተካ ይችላል። ሁለተኛው ለተጫዋቹ ይመቸው ይሆናል፤ እንጨቱ ላይ የቀረውን የቢላ ምልክት ግን ለዘላለም ያጠፋል። እኔ የማደላው ለመጀመሪያው ነው። ድምፁ ጥቂት ቢጎድልም እንኳ።

ጌጥ ደግሞ ያታልላል። ዲ-45 በ1968 ዳግም ከመመረቱ በፊት አንዳንድ ዲ-28ዎች ተከፍተው የዲ-45ን ጌጥ ተላብሰዋል። ስለዚህ ተማሪዎቼ መጀመሪያ ባትሪና ትንሽ መስታወት ይዘው በድምፅ ቀዳዳው ወደ ውስጥ እንዲመለከቱ አዛለሁ። ከ1898 ጀምሮ ከ8000 ተነሥቶ በተከታታይ የሚሄደው መለያ ቁጥር፣ ከ1930 መገባደጃ ወዲህ ደግሞ የሞዴሉ ስም፣ አንገቱን በሚይዘው የውስጥ ግንድ ላይ ታትሟል።