እቴጌ ምንትዋብ፥ እናትና አያት

በጎጃም ደጋ፥ በደብረ ማርቆስም ዙሪያ ባለው አገር፥ ሰው ርስቱን ሲጠይቅ የዘር ሐረጉን በአባቱ በኩል ብቻ ሳይሆን በእናቱና በሴት አያቱም በኩል ቆጥሮ ያቀርብ ነበር። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ እስኪታወጅ ድረስ ልማዱ ይኸው ነበር። ስለዚህ የሴት አያት ስም የምድጃ ዳር ጨዋታ ብቻ አልነበረም፤ ስሟን የዘነጋ ሰው ማሳውንም ሊያጣ ይችል ነበርና። ዛሬ ለመሬት ብሎ አያቱን የሚቆጥር የለም። ታዲያ መሬቱ ሲቀር ስሟም አብሮ ይቅር ወይ? ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ይህን ጥያቄ ይዘህ የአንዲትን እናትና አያት ታሪክ ተከተለኝ።

እቴጌ ምንትዋብ የተወለዱት በቋራ ነው። የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ፥ የዘውድ ስማቸውም ብርሃን ሞገሳ ይባል ነበር። ዐፄ በካፋን አግብተው ኢያሱን ወለዱ። በ1723 ዓ.ም. ንጉሡ ሲሞቱ ኢያሱ ገና ሕፃን ነበርና እናቲቱ ከልጃቸው ጋር ዘውድ ጭነው መንግሥቱን ያዙ። ሕፃን ንጉሥ ያላት እናት ሁለት ጊዜ ትፈራለች፤ አንድ ጊዜ ለልጅዋ፥ አንድ ጊዜ ለአገሩ። እቴጌም ፍርሃታቸውን ያስታገሡት ወገኖቻቸውን ከቋራ አምጥተው በየሹመቱ በማስቀመጥ ነበር። ወንድማቸው ራስ ወልደ ልዑል የመንግሥቱ ምሰሶ ሆኑ። ይህም ለብዙ ዘመን ዕረፍት ሰጠ።

በዚያም ዕረፍት ብዙ መልካም ሥራ ተሠራ። በጣና ሐይቅ፥ በደቅ ደሴት፥ የናርጋ ሥላሴን ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። በዚያ ካሉት ሥዕሎች በአንዱ እቴጌ ራሳቸው በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ይታያሉ። ከጎንደር በስተ ምዕራብ ባለው ኮረብታ ላይም ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን ከነግቢው አቆሙ። ቁስቋም በግብፅ አገር ያለ፥ እመቤታችን ልጅዋን ይዛ ከሄሮድስ ፊት ሸሽታ ያረፈችበት ቦታ ስም ነው። በአገራችንም ከመስከረም 26 ቀን እስከ ኅዳር 5 ቀን በሚጾመው በጽጌ ጾም ያ ስደት ይታሰባል፤ በዓሉም ኅዳር 6 ቀን ይከበራል። ልጅን አቅፎ መሸሸት ምን እንደሆነ የሚያውቅ የእናት ልብ ለቤቱ ይህን ስም ቢመርጥ አይደንቅም።

ነገር ግን የምንወዳቸውን ስናስታውስ መልካሙን ብቻ መርጠን ብንናገር፥ የምናስታውሰው ሰውን ሳይሆን ሥዕልን ይሆናል። ስለዚህ ጉድለቱንም እንናገር። ኢያሱ ካደገም በኋላ ሥልጣኑ በእናቱና በቋራ ዘመዶቹ እጅ እንደ ነበረ ቀረ። በ1736 ዓ.ም. ወደ ስናር ዘምቶ ድል ሆነ። ሚስቱ ውቢት ከኦሮሞ ባላባቶች ወገን ነበረች። ኢያሱ በሰኔ 1747 ዓ.ም. ሲሞት ልጃቸው ኢዮአስ በሕፃንነቱ ነገሠ፤ አያቲቱም እንደ ገና የሕፃን ንጉሥ ጠባቂ ሆኑ። ያን ጊዜ በአንድ ቤተ መንግሥት ሁለት እናቶች ተገናኙ። አያቲቱ የቋራን ወገን፥ እናቲቱ የራስዋን ወገን አስጠጉ። ሁለቱም ሕፃኑን ይወዱት ነበር፤ ሁለቱም ግን ፍቅራቸውን በዘመድ ብዛት ሊያጥሩት አሰቡ። ወልደ ልዑል ከሞቱ በኋላ ሁለቱን ወገን የሚያስታርቅ ጠፋና ከትግሬ ገዥ ከሚካኤል ስሑል ጉልበት ተፈለገ።

ሚካኤል ለቤቱ እንግዳ አልነበረም። እቴጌ ከበካፋ በኋላ ከግራዝማች ኢያሱ አስቴር፥ ወለተ እስራኤልና አልጣሽ የሚባሉ ሦስት ሴቶች ልጆች ወልደው ነበር። አልጣሽን የሚካኤል ልጅ ወልደ ሐዋርያት አግብቷት ነበርና አያቲቱ የጋብቻው ገመድ ሰላሙን ያስረዋል ብለው ቢያምኑ ስንፍና አይባልም። ሚካኤል ግን ጎንደር ከገባ በኋላ አልወጣም። የአስቴር ባል ማርያም ባርያው በጦርነቱ ተይዞ ተገደለ። በግንቦት 1761 ዓ.ም. ወጣቱ ንጉሥ ኢዮአስ ራሱ በሚካኤል ትእዛዝ ተገደለ። ቀጥሎም ባልዋን ያጣችው አስቴር ሚካኤልን አገባች። የልጅ ልጃቸውን ያስገደለው ሰው አማቻቸው ሆነ ማለት ነው። እቴጌ የኢዮአስን አስከሬን ወደ ቁስቋም አምጥተው በአባቱ አጠገብ አስቀበሩ፤ ከመንግሥት ሥራም ራቁ።

አሁን የዚህችን አያት ልብ የሚገልጸው ነገር ይመጣል። በየካቲት 1762 ዓ.ም. ጄምስ ብሩስ የሚባል የስኮትላንድ ሰው የዓባይን ምንጭ ሊያይ ጎንደር ገባ። በዚያን ጊዜ ፈንጣጣ ወደ ቁስቋም ግቢ ገብቶ ነበርና የታመሙትን እንዲያይ ተጠራ። መስኮቱን አስከፈተ፥ ቤቱን በዕጣንና በከርቤ አሳጠነ፥ በኮምጣጤም አሳጠበ። የሚካኤል ልጅ ወልደ ሐዋርያት ሞተ፤ የአስቴር ልጅ ክንፉ ግን ዳነ። ልብ በል፤ በዚያ ግቢ የተኙት ሕመምተኞች የገዳዩም የሟቹም ዘመዶች ነበሩ። እቴጌ ግን ግቢያቸውን ለማንኛቸውም አልዘጉም። «የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው» ይባላል፤ ከአንድ ማሕፀን የሚወጣው መልኩ ብዙ ነውና ከእርሱ የሚመዘዘውም ዝምድና ጥቁርና ነጭ ነው። አያት ደግሞ ሁሉንም ታቅፋለች።

ብሩስ እንደ ጻፈው፥ እቴጌ ወደ ዓባይ ምንጭ የሚያደርገውን ጉዞ አደገኛ ነው ብለው ሊያስቀሩት ሞክረዋል። በሰው ልጅ ምኞት መለያየትም ተገርመዋል። እርሱ ከኢየሩሳሌም ወገን ተነሥቶ አንድ ውሃ ለማየት ሲደክም፥ እርሳቸው የነገሥታት እናት ሆነው፥ ከሠላሳ ዓመት በላይ በዙፋን ተቀምጠው፥ ወደ ኢየሩሳሌም ደርሰው በልመና እየኖሩ በጌታ መቃብር ደጅ መቀበርን ይመኙ ነበር። ብሩስ በ1763 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ ጎጃም ተሻግሮ ግሽ ዓባይን አየ። እቴጌ ግን ኢየሩሳሌምን አላዩም፤ በሰኔ 1765 ዓ.ም. ዐረፉ።

የጎጃም ልጅ ሆይ፥ ይህ የጎንደር ታሪክ ነው ብለህ አትተወው። ሁለተኛዪቱ ልጅ ወለተ እስራኤል የጎጃሙን ደጃዝማች ዮሴዴቅን አግብታ የሞጣ ጊዮርጊስን ቤተ ክርስቲያን ተከለች፤ ጎጃምን የገዛውን ራስ ኃይሉንም ወለደች። ከዚህ ቤት በሴት በኩል በሚቆጠር ሐረግ በጥር 1873 ዓ.ም. የነገሡት የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ወጡ፤ መንቆረርን ደብረ ማርቆስ ያሰኙትም እርሳቸው ናቸው። ንጉሡ በጥር 1880 ዓ.ም. ደርቡሾችን በደምቢያ ሳርውሃ ላይ ገጥመው ድል ሲሆኑ ጎንደር ተቃጠለ፥ ቁስቋምም ፈረሰ። የልጅ ልጅ ልጅ የአያቱን ቤት ለመጠበቅ ወጥቶ ሳይችል ቀረ። ሐረጉ ግን አልተበጠሰም።

ቁስቋም የሄደ ሰው የእቴጌን፥ የልጃቸውን የኢያሱንና የልጅ ልጃቸውን የኢዮአስን ነው የሚባለውን አፅም በመስታወት ሣጥን ውስጥ አብሮ ያየዋል። ሁለት ዘውድ የጠበቁ አያት በመጨረሻ የጠበቋቸውን ልጆች በጎናቸው አድርገው ዐርፈዋል።

ከዚህ ምን እንማራለን? ፍቅር ብቻውን ቤት አይጠብቅም፤ ፍትሕ ሊጨመርበት ይገባል። እቴጌ ዘመድን ባያበዙ፥ ከምራታቸውም ጋር በጊዜ ቢስማሙ፥ ምናልባት ኢዮአስ በኖረ ነበር። ይህን ማለት እርሳቸውን መንቀፍ አይደለም። አያቱን ከነስሕተትዋ የሚወድ ሰው ከስሕተትዋ ይማራል፤ እንከን የሌላት አድርጎ የሚያወድሳት ግን ስሕተትዋን ሳያውቅ ይደግመዋል።

አንተም አያትህ በሕይወት ካሉ ዛሬ ማታ ከእግራቸው ሥር ተቀመጥና ጠይቅ። እናታቸው ማን ትባል ነበር? ከየት ተዳረች? ማንን ቀበረች፥ ማንንስ አሳደገች? ምን ተጸጸተች? የሰማኸውን በደብተርህ ጻፈው። ለእርስዋ ከምታወርሳት ሐውልት ሁሉ የሚበልጠው፥ ስሟን የሚጠራ ልጅና እውነተኛ ታሪኳ ነው።