የጎንደር ሕዝብ ጤና ኮሌጅ

የጎንደር ሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1954) በጎንደር ከተማ የተከፈተ የጤና ባለሙያዎች ማሠልጠኛ ተቋም ነበር። የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከዚህ ኮሌጅ የተነሣ ነው። ኮሌጁ በተለይ የሚታወቀው በሁለት ነገር ነው፤ የጤና መኮንን የሚባለውን ሙያ በኢትዮጵያ በማስጀመሩ እና ተማሪዎቹን ከመመረቃቸው በፊት በቡድን አደራጅቶ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች በመላኩ።

መነሻ

እ.ኤ.አ. በ1953 ከጣና ሐይቅ በስተሰሜን በሚገኘው የደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ወደ 7,000 የሚጠጋ ሕዝብ እንደጨረሰ ይገመታል። በዚያ ጊዜ በኢትዮጵያ የሕክምና ትምህርት ቤት አልነበረም። የነበሩት ጥቂት ሐኪሞች አብዛኞቹ የውጭ አገር ሰዎች ሲሆኑ፣ የሚሠሩትም በአዲስ አበባና በትልልቅ ከተሞች ነበር። ለገጠሩ ሕዝብ የሚበቃ ሐኪም አሠልጥኖ ለማውጣት ደግሞ ብዙ ዓመት ያስፈልግ ነበር።

ስለዚህ መንግሥት ከዓለም ጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍ እና ፖይንት ፎር ከተባለው የአሜሪካ የቴክኒክ ዕርዳታ ጋር በመተባበር ኮሌጁን አቋቋመ። የደምቢያው ወረርሽኝ ኮሌጁ በጎንደር እንዲከፈት ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1958፣ በአገሪቱ ሰፊ ክፍል የተነሣው ሌላ የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሞ 150,000 ያህሉን እንደገደለ ተገምቷል። ይህም በየአውራጃው የሚቀመጥ የጤና ባለሙያ ምን ያህል አስፈላጊ እንደነበር አሳይቷል።

ሥልጠናው

ኮሌጁ በመጀመሪያ ያሠለጠነው የጤና መኮንኖችን፣ የኮሚኒቲ ነርሶችን እና ሳኒታሪያኖችን ነው። እነዚህ ባለሙያዎች በአንድ ጤና ጣቢያ አብረው እንዲሠሩ ታስቦ የተዘጋጁ ናቸው። የጤና መኮንኑ ጣቢያውን ይመራል፣ ሕመምተኞችን መርምሮ ያክማል። ነርሷ የእናቶችንና የሕፃናትን ጤና ትከታተላለች። ሳኒታሪያኑ ደግሞ የመጠጥ ውኃን፣ የመጸዳጃ ቤትንና የአካባቢ ንጽሕናን ይቆጣጠራል።

የቡድን ሥልጠና

ተማሪዎች በትምህርታቸው መጨረሻ ላይ ከየሙያው ተውጣጥተው በአንድ ቡድን ይመደቡና ለተወሰኑ ሳምንታት በጤና ጣቢያ ይሰነብታሉ። መምህራንም እየተመላለሱ ይቆጣጠሯቸዋል። ተማሪዎቹ ሕመምተኞችን ከማከም ባሻገር በየቤቱ እየዞሩ ስለ ነዋሪው ጤና፣ ስለ ውኃውና ስለ መጸዳጃው መረጃ ይሰበስባሉ። ከዚያም ዋነኞቹን ችግሮች በቅደም ተከተል አስቀምጠው በአቅማቸው መፍትሔ ይሰጣሉ፤ ለምሳሌ ምንጭ ያጎለብታሉ፣ መጸዳጃ ጉድጓድ ያስቆፍራሉ፣ ክትባት ይሰጣሉ፣ የጤና ትምህርት ያስተምራሉ። ለዚህ ሥልጠና ካገለገሉት ጣቢያዎች አንዱ የሚገኘው ወረርሽኙ በደረሰበት በደምቢያ፣ በቆላ ድባ ከተማ ነው። አሠራሩ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ቀጥሏል።

የጤና መኮንኖች ሙያ

ጤና መኮንን ሐኪም ሳይሆን የሐኪምን ሥራ በብዙው የሚሠራ ባለሙያ በመሆኑ፣ ስለ ደረጃውና ስለ ዕድገቱ ክርክር ነበር። ከተመራቂዎቹ መካከልም በኋላ ሕክምና ተምረው ሐኪም የሆኑ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ በጎንደር የሐኪሞች ሥልጠና ሲጀመር የጤና መኮንኖች ሥልጠና ተቋረጠ። ነገር ግን የገጠሩ የባለሙያ እጥረት ስላልተቃለለ በ1990ዎቹ እንደገና ተጀመረ። በ2005 ደግሞ ጎንደርን ጨምሮ በአምስት ዩኒቨርሲቲዎች የተፋጠነ የጤና መኮንኖች ሥልጠና ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ የጤና መኮንኖች በማስተርስ ደረጃ በድንገተኛ ቀዶ ሕክምና እየሠለጠኑ፣ የቀዶ ሐኪም በሌለባቸው ሆስፒታሎች ምጥ የጸናባቸውን እናቶች በቀዶ ሕክምና ያዋልዳሉ።

ከኮሌጅ ወደ ዩኒቨርሲቲ

ኮሌጁ እ.ኤ.አ. በ1961 በተመሠረተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር ገባ። በ1978 በምሥራቅ ጀርመን ከሚገኘው የላይፕዚግ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሕክምና ፋኩልቲ ሆነ። በ1992 ራሱን ችሎ የጎንደር ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ ተባለ፤ በ2004 ደግሞ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ አደገ።

የዩኒቨርሲቲው መምህራንና ሐኪሞች ዛሬም ከሚያክሟቸው በሽታዎች አንዱ ካላዛር ነው። በሽታው በይበልጥ የሚይዘው ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሑመራ ቆላ የሚወርዱትን የቀን ሠራተኞች ሲሆን፣ ካልታከመ በአብዛኛው ይገድላል። በጎንደር ያለው የሌሽማንያሲስ ምርምርና ሕክምና ማዕከል እነዚህን ሕመምተኞች እያከመ፣ የተሻለ መድኃኒት ለማግኘትም ምርምር ያካሂዳል።