ኪራዩ ወረደ፤ ጣራውስ?
(ስለ ቀበሌ ቤት አጭር ታሪክ)

እንደሚታወቀው ዛሬ አዳማ የምንላት ከተማ ናዝሬት ተብላ ያደገችው በመንገደኛና በሠራተኛ ነው። ወደ ጅቡቲ የሚወርደው የባቡር ሐዲድ፣ ወደ ሐረርና ወደ አርሲ የሚወስዱት መንገዶች፣ በ1946 የተከፈተው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሁሉም ሰው ሳቡ። ሰው ሲበዛ ደግሞ ቤት ይወደዳል። ጫኝና አውራጁ፣ ጠላ ሻጯ፣ የቀን ሠራተኛው በሰው ግቢ አንዲት የጭቃ ክፍል ተከራይተው፣ "ነገ ልቀቁ" መባልን እየፈሩ ይኖሩ ነበር።

ይህን የለወጠው ሐምሌ 19 ቀን 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ነው። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑትን ቤቶች የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር፣ ማለትም ቀበሌው ተረከበ፤ ከዚያ በላይ ያሉት ወደ ኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሄዱ። ዝቅተኛው ኪራይም በግማሽ ተቀነሰ። በሞጆም፣ በዝዋይም (በዛሬዋ ባቱ)፣ በሻሸመኔም የሆነው ይኸው ነው።

ነገሩን አቃልለን አንየው። ለድሃ ቤተሰብ ግማሽ ኪራይ ማለት የልጅ ደብተር ነው፣ የሳምንት እህል ነው።

ግን እንጠይቅ፦ ጣራው ሲያፈስ ማን ይጠግነው? ቀበሌው ቤቱን የሚያድሰው ከዚያችው ኪራይ ነው። ኪራዩ ባለበት ሲቆም ቆርቆሮው፣ ሚስማሩና ሲሚንቶው ግን በየጊዜው ተወደደ። ተከራዩም "ቤቱ የኔ አይደለ" እያለ ምርጊቱ ሲረግፍ ዝም አለ። ለኪራይ ብሎ ቤት መሥራት ስለቀረ ደግሞ የቤቱ ቁጥር ከሰዉ እኩል አልጨመረም። ውስጥ ያለው በርካሽ ኖረ፤ ከገጠር አዲስ የመጣው ግን ደባል ሆኖ ከሰው ጋር ተዳበለ።

ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ኮንዶሚኒየም ሲመጣ ነገሩ ተገለበጠ። አሁን አዲስ ቤት ተሠራ፤ ቅድሚያ ክፍያው ግን የቀን ሠራተኛውን በር ላይ አስቀረው።

በ2016 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1320 ደግሞ እንደገና ወደ ኪራዩ ተመለሰ። ውሉ ቢያንስ ሁለት ዓመት እንዲሆን፣ አከራይ እንዳሻው ዋጋ እንዳይጨምር ደነገገ። መልካም ነው። የ1967ቱ ታሪክ የሚያስተምረን ግን ዋጋ መገደብ የሥራው እኩሌታ ብቻ መሆኑን ነው። የአካባቢ አስተዳደር ኪራይ ሲቆጣጠር ለጥገና የሚሆን ገንዘብ ካልመደበ፣ በጎን ደግሞ አዲስ ቤት ካላሠራ፣ ርካሹ ቤት ከዓመት ዓመት እያረጀ ይሄዳል፤ የሚጎዳውም ያው ድሃው ተከራይ ነው። እንግዲህ ከተማ አስተዳደሩ ስለ ቤት እቅድ ባወጣ ቁጥር ሁለት ነገር እንጠይቅ፦ ኪራዩ ስንት ነው? ጣራውንስ ማን ያድሳል?